ቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስ፦ ቀደም ሲል ጨቅላ ሕፃን የታመመባቸው ነፍሰ ጡር እናቶች ሊያውቁት የሚገባ መረጃ

ቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስ በጤነኛ ሴቶች አንጀትና ብልት ውስጥ ሊኖር የሚችል ባክቴሪያ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከአምስት ነፍሰ ጡር እናቶች በአንዷ ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። የአባላዘር በሽታ አይደለም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። በምጥ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ሲተላለፍ ግን የደም መመረዝ፣ የሳንባ ምች ወይም ማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል። የመከላከያ መድኃኒት ባይሰጥ እንኳ፣ ባክቴሪያው ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ሳምንት የሚታመሙት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ከዚህ በፊት ልጇ በዚህ ባክቴሪያ የታመመባት እናት ግን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል።

እንዲህ ያለች እናት በሚቀጥሉት እርግዝናዎቿ ሁሉ ምጥ ሲጀምር በደም ሥር ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ በተለይም ፔኒሲሊን ወይም አምፒሲሊን፣ እንዲሰጣት ይመከራል። ለዚህም ሌላ ምርመራ መጠበቅ አያስፈልግም። በእርግዝና ወራት አስቀድሞ የሚዋጥ ክኒን ይህን አይተካም፤ ባክቴሪያው ተመልሶ ይመጣልና። በሽንት ምርመራ የተገኘ ኢንፌክሽን ግን ወዲያውኑ ይታከማል። ፔኒሲሊን የማይስማማት እናት በክትትል ወቅት ካሳወቀች ሌላ መድኃኒት ይመረጥላታል። በዚህ ባክቴሪያ ምክንያት ብቻ በቀዶ ሕክምና መውለድ አያስፈልግም።

የቀድሞውን ሕመም ማሳወቅ

በአገራችን ሁሉም ነፍሰ ጡር እናቶች ለዚህ ባክቴሪያ በመደበኛነት አይመረመሩም። ስለዚህ ባለሙያው በዋናነት የሚመረኮዘው እናቲቱ በምትሰጠው ታሪክ ላይ ነው። ችግሩ ደግሞ ብዙ ጨቅላ ሕፃናት የደም ካልቸር ሳይሠራላቸው፣ በምልክት ብቻ ተለይተው ስለሚታከሙ፣ እናት የምትሰማው «ኢንፌክሽን ነው» የሚለውን ብቻ መሆኑ ነው። የባክቴሪያውን ስም ባያውቁም፣ ልጅዎ በተወለደ በስንተኛው ቀን እንደታመመ፣ የት እንደታከመና ምን ያህል ጊዜ እንደተኛ በመጀመሪያው የክትትል ቀን ይንገሩ። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠ ወረቀት ካለ ይዘው ይምጡ። የባክቴሪያው ዓይነት ካልታወቀ ባለሙያው ሌሎች ምልክቶችን አገናዝቦ ይወስናል። ስለ ሞተ ልጅ በሰው ፊት መናገር ከባድ ነው፤ ባለሙያውን ለብቻ ለማነጋገር መጠየቅ ይችላሉ። የተናገሩት በእርግዝና ካርድዎ ላይ መጻፉንም ያረጋግጡ፤ በወሊድ ቀን የሚቀበልዎት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ከእንጦጦ ተዳፋት ለሚመጡ እናቶች

መድኃኒቱ የተሟላ ጥቅም የሚሰጠው ከወሊድ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ሲጀመር ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ምጥ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጣን ይሆናል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባሉ የየካ ክፍለ ከተማ መንደሮች፣ ሌሊት ተሽከርካሪ ማግኘት በሚያስቸግርበት ዳገት ላይ፣ «ምጡ ይጠንክር» ብሎ ቤት መቆየት እነዚህን ሰዓታት ያሳጣል። ስለዚህ ምጥ እንደጀመረ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ደግሞ ምጥ ባይኖርም፣ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ውሃው ከፈሰሰ 18 ሰዓት ካለፈ፣ ምጡ ከ37 ሳምንት በፊት ከመጣ ወይም እናት ካተኮሳት አደጋው ይጨምራል። ሪፈር የሚጻፈው ወደ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ወደ የካ ኮተቤ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል መሆኑን ከጤና ጣቢያዎ አስቀድመው ይጠይቁ። ለጠበል እንጦጦ ላይ ለቀናት የሚቆዩ ነፍሰ ጡር እናቶችም ካርዳቸውን ይዘው ይሂዱ፤ የክትትል ቀጠሮም አያሳልፉ። የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል።

ከወሊድ በኋላ ሕፃኑ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በጤና ተቋም ክትትል ሊደረግለት ይገባል። በምጥ ጊዜ የተሰጠው መድኃኒት ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ እስከ ሦስት ወር ድረስ የሚከሰተውን ሕመም አይከላከልም። ጡት ማጥባት አይቋረጥም። ሕፃኑ ጡት ካልጠባ፣ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ካቃሰተ፣ ከተዝለፈለፈ ወይም ካንቀጠቀጠው እስኪነጋ አይጠበቅም። ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ አምቡላንስ ካስፈለገ በቀይ መስቀል ነፃ የስልክ መስመር 907 ይደውሉ።