ጫት፦ ከወዳጃ ቤት እስከ ጨብሲ

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አድማጮች! በቆቦና በራያ ቆላ አንድ አባት ልጁን «ሐሺሽ እንዳትነካ» ብሎ ሲመክር፣ ልጁ «አባ፣ አንተ ራስህ ትቅም የለ እንዴ?» ቢለው ምን ይመልሳል? ብዙዎቻችን «የእኛ ለዱዓ ነው፤ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው» እንላለን። እስኪ ይህን ውርስ ከታሪኩ እንመርምረው።

ጫት በሀገራችን ጥንታዊ ነው። በ1332 (እ.ኤ.አ.) ስለተካሄደው ዘመቻ የሚተርከው የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ሰብረዲን ሙስሊሞች የሚወዱትን ጫት በንጉሡ ምድር ሊተክል እንደዛተ ያወሳል። በየመን ደግሞ ዑለማዎች ስለ ጫት ተወዛግበው ጥያቄውን መካ ለነበሩት ለኢማም ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ (በ974 ዓ.ሂ. የሞቱ) አቀረቡ። እርሳቸውም ቁርጥ ያለ የሐራምነት ብይን ባይሰጡም፣ መራቁ እንደሚሻል የሚያስጠነቅቅ ኪታብ ጻፉ። ስለዚህ ጥርጣሬው ዛሬ የመጣ አይደለም።

በወሎ ጫት ከወዳጃና ከሌሊት ቂርኣት ጋር ተያይዞ ኖሯል። እኔም በደረሳነቴ ለሙጣለዓ ብዬ ቅሜያለሁ፤ ሱብሒ ያለፈኝን ቀን ግን ኪታቡ አልካሰልኝም። ያም ሆኖ በወዳጃው ሰዓቱ የታወቀ፣ የሚቆጣም ሽማግሌ ነበር። ዛሬ ወጣቱ ከረፋድ ጀምሮ ይቅማል፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ይህንንም «ጨብሲ» ይለዋል። አባት ለዱዓ የያዘው ቅጠል ልጅን ኸምር ቤት አደረሰው!

ሐኪሞች በአእምሮ ላይ የሚሠሩትን ነገሮች በጠባያቸው ይከፍሏቸዋል። ጫት፣ ኮኬይንና አምፌታሚን አነቃቂ ናቸው፤ አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን ያፈዝዛሉ፤ ኦፒየምና ሄሮይን ሕመምን እያደነዘዙ ትንፋሽን ያዘገያሉ፤ ቅዠት የሚያመጡም አሉ፤ ሐሺሽ ከየጠባዩ ይቀላቅላል። እኛ ሁሉንም «አደንዛዥ ዕፅ» ስንል ቃሚው «ጫት ያነቃል እንጂ አያደነዝዝም» ብሎ ያመልጠናል። ጉዳቱ ግን ከዚያው ከማነቃቃቱ ነው፦ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ አንዳንዱንም ለአእምሮ ሕመም ያጋልጣል።

አነቃቂው ካቲኖን በ1975 (እ.ኤ.አ.) በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቷል። ቅጠሉ ሲደርቅ ይዳከማል፤ ትኩሱ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ካቲኖን በ1971ዱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ካለበት ምድብ ይገኛል፤ ተክሉ ግን በስምምነቱ አልተካተተም፤ በሀገራችንም አልተከለከለም። ሕግ አልከለከለውም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ) ኸምርን ሲከለክል በደረጃ ነበር፦ አስቀድሞ ኃጢኣቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነገረን (አል-በቀራህ 219)፣ ቀጥሎ ሰክረን ወደ ሰላት እንዳንቀርብ አዘዘን (አን-ኒሳእ 43)፣ በመጨረሻም ፈጽሞ እንድንርቀው (አል-ማኢዳህ 90)። እኛም ቤታችንን በዚያ በመጀመሪያው ሚዛን እንመዝነው፦ ለጫት የወጣው ገንዘብ፣ ያለፈው ሰላት፣ ከአባቱ ጋር ሳያወራ ያደገው ልጅ በአንድ በኩል፤ የምርቃናው ደስታ በሌላ በኩል።

እናም ልጁ ሲጠይቀው አባት «ልጄ፣ እውነትህን ነው፤ እኔም ልተወው፣ አግዘኝ» ይበል። ይህ ምላሽ ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።