በከፍተኛ የደም ግፊት የሚከሰት የልብ ለውጥና የሳንባ አቅም ግንኙነት

ከፍተኛ የደም ግፊት የሕመም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ የሚችል በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ የዓለም ሕዝቦች መካከል 1 ነጥብ 28 ቢሊዮን የሚሆኑት የደም ግፊት ያለባቸው ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ይህንኑ አያውቁም። በሽታው በልብ ላይ ያደረሰው ለውጥ አንዳንድ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው በትንፋሽ ማጠር ነው። ይህንንም በዕድሜ፣ በብርድ ወይም በአስም ብቻ ማመካኘት ተገቢውን ሕክምና ያዘገያል።

ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የሚመለሰውን ደም ተቀብሎ ለመላው ሰውነት የሚያሰራጨው የግራው የልብ ክፍል ነው። የደም ግፊት 140 በ90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲቆይ፣ ይህ የልብ ክፍል ከፍተኛ ጫና ተቋቁሞ ስለሚሠራ ጡንቻው ይወፍራል። የወፈረው ጡንቻ ግትር ስለሚሆን ደም ለመቀበል እንደ ቀድሞው አይላላም። በዚህም የተነሳ ግፊቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባ የደም ሥሮች ይተላለፋል። ሁኔታው ሲባባስ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ስለሚሰርግ ሳንባው እንደ ልብ መለጠጥ ይሳነዋል፤ አየር የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል።

የሳንባን አቅም የሚለካውን ስፓይሮሜትር የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1846 ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን ነው። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 በ5 ሺህ 209 ነዋሪዎች ላይ የተጀመረው የልብ ጥናትም ዝቅተኛ የሳንባ አቅም ከልብ ድካም ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል።

ይሁን እንጂ የሳንባ አቅም መቀነስ ብቻውን የልብ ችግር ማረጋገጫ አይሆንም። ሲጋራ ማጨስ፣ የምድጃ ጭስ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የሳንባ ነቀርሳ የሚተወው ጠባሳም አቅሙን ይቀንሳሉ። በመሆኑም ትንፋሽ ለሚያጥረው የደም ግፊት ታማሚ ከሳንባው ምርመራ ጎን ለጎን የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ በተለይም የጡንቻውን ውፍረት የሚያሳየው የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል።

የሁለቱ አካላት ግንኙነት በመድኃኒት አመራረጥም ላይ ይንጸባረቃል። ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የአስም ሕመምን ሊያባብሱ ይችላሉ። ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል ያስከትላል። ስለሆነም ታማሚው የሳንባ ሕመም እንዳለበት ለሐኪሙ አስቀድሞ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ሳል ሲያጋጥመውም መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ከማቋረጥ ይልቅ ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የአዋቂዎች የቀን የጨው ፍጆታ ከ5 ግራም በታች እንዲሆንና በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲደረግ ይመክራል። ይህም አብዛኛውን የሥራ ሰዓት ተቀምጠው ለሚያሳልፉ የመንግሥት ሠራተኞች የላቀ ጠቀሜታ አለው። ደረጃ ሲወጣ ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር የሚሰማው፣ በጀርባው ሲተኛ የሚታፈን ወይም ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት የሚነቃ ሰው ሳይዘገይ መመርመር ይኖርበታል። የደም ግፊቱ በወቅቱ ከታወቀና በአግባቡ ከታከመ የወፈረው የልብ ጡንቻ መልሶ ሊሳሳ፣ በሳንባ ላይ ያደረሰው ጫናም ሊቀል ይችላል።