«በማግኔት ልታከም ነው፤ አያሰጋኝም?»

ውጭ አገር ያለች የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር የጠየቀችኝ ነው። የድባቴ መድኃኒቱ አልሠራላትም። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ በታሪክ ልመልስላት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን በ1938 ሮም ውስጥ የተጀመረው፣ ሰውን በኤሌክትሪክ አንዘፍዝፎ የሚያክመው ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። በ1985 እንግሊዝ፣ ሼፊልድ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ የሽቦ ጥቅልል ሰው ራስ ላይ አስጠግተው የማግኔት ምት ቢለቁ የእጁ ጡንቻ ተንቀሳቀሰ። ሕመም የለ፣ ማደንዘዣ የለ።

ታዲያ ጉዳት አልነበረውም? ነበረው እንጂ! በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምቱን ሲያፈጥኑትና ሲያበረቱት ጤነኛ በጎ ፈቃደኛ ሳይቀር ተንዘፈዘፈ። ተመራማሪዎቹ ግን አልደበቁትም፤ ጽፈው አወጡት። በ1996 አሜሪካ፣ ቤተስዳ ላይ ተሰብስበው ለምቱ ጉልበት፣ ፍጥነትና እረፍት ወሰን አበጁለት፤ በ1998 ታተመ። በ2008 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መድኃኒት ላልሠራላቸው የድባቴ ታማሚዎች ፈቀደው።

ዛሬ በብዛት የሚያጋጥመው ራስ ምታትና የራስ ቆዳ ሕመም ነው። መሣሪያው ስለሚጮህ ጆሮ ይደፈናል። መንዘፍዘፍ የሚገጥመው ከ1000 ታካሚ አንድ እንኳ አይሞላም። ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምንለው ለታማሚ ነው አይደል? ለሐኪምም ይሠራል። ያቺን ወሰን ያገኘነው ያደረሱትን ጉዳት ስላልደበቁ ነው። አንቺም ልጄ፣ ሁሉንም ንገሪያቸው፤ ሁሉንም ጠይቂያቸው።