ይነቀል ወይስ ይሞላ? ነጩ ወይስ ጥቁሩ?

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ኮልፌ አጣና ተራ አካባቢ ወደምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ መጡ፡፡ ልጁ ከረሜላ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ጥርሱን ያመዋል፡፡ እናትየው ገና ሳይቀመጡ ‹‹ዶክተር፣ ይንቀሉለትና ይገላገል፤ የወተት ጥርስ ነው፣ ሌላ ይበቅልለታል›› አሉኝ፡፡ አፉን አስከፍቼ ሳየው የተቦረቦረው የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ነበር፡፡ ይህ ጥርስ በስድስት ዓመት ግድም ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ ይበቅላል፡፡ ሲበቅል የሚወድቅ የወተት ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጆች ቋሚ ጥርስ መሆኑን አያውቁም፡፡ ከተነቀለ ግን ምትክ የለውም፡፡

ይህን ሳስረዳቸው ደግሞ ‹‹ታዲያ ከተሞላ ነጩ ነው ጥቁሩ የሚሻለው? ነጩ ውድ ነው አሉኝ፤ ውድ ከሆነ ይበልጣል ማለት ነው›› አሉ፡፡ ሁለቱንም ጥያቄዎች በየሳምንቱ ስለምሰማ፣ በዛሬው ጽሑፌ ስለ ጥርስ መቦርቦርና ስለ ሙሌት በታካሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚሉትን ለአንባቢያን ላቀርብ ወደድሁ፡፡ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡

በቅድሚያ ስለ ትሉ፡፡ የእምቧይ ፍሬ ጭስ ታጥነው ‹‹ትሉ ወረደ›› የተባሉ ታካሚዎች ዛሬም ይመጡልኛል፡፡ በጥርስ ውስጥ ትል የለም፡፡ አውሮፓውያንም በመካከለኛው ዘመን የአንድ መርዛማ ተክል ዘር እያጨሱ ትል አወረድን ይሉ ነበር፤ ኋላ ሲመረመር ትል የተባለው በሙቀት ከዘሩ የወጣ ቡቃያ ሆኖ ተገኘ፡፡ ጥርስን የሚቦረቡሩት በጥርስ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፡፡ ከስኳር አሲድ ይሠራሉ፣ አሲዱም የጥርሱን ማዕድን ያሟሟል፡፡ ምራቅና ፍሎራይድ ማዕድኑን መልሰው ያስገባሉ፡፡ መቦርቦር የሚመጣው ማሟሟቱ ከመመለሱ ሲበልጥ ነው፡፡ ይህችን ነገር የያዘ አንባቢ የሚቀጥለውን ለመረዳት አይቸገርም፡፡

ጥቁሩ ሙሌት አማልጋም ይባላል፡፡ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ሲሆን ቀሪው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው፡፡ ነጩ ኮምፖዚት ደግሞ ከሙጫና ከደቀቀ መስታወት የሚሠራ፣ በሰማያዊ መብራት የሚደርቅ ነው፡፡ ሁለቱን ለማወዳደር ከተደረጉት ጥናቶች ትልልቆቹ በ2006 ይፋ ሆኑ፡፡ አንዱ በፖርቱጋል ሊዝበን 507 ሕፃናትን፣ ሌላው በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ 534 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለዓመታት ተከታተሉ፡፡ ዋናው ጥያቄ ሜርኩሪው የልጆቹን አእምሮ ይጎዳል ወይ የሚል ነበር፡፡ በትምህርት ችሎታም ሆነ በማስታወስ አማልጋም በተሞላላቸው ልጆች ላይ ጉዳት አልታየም፡፡ ስለ ዕድሜው ደግሞ በሊዝበን ከሰባት ዓመት በኋላ ከአማልጋሞቹ 94.4 በመቶ፣ ከኮምፖዚቶቹ 85.5 በመቶ በቦታቸው ጸንተው ተገኙ፡፡ ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምገማም በመንጋጋ ጥርስ ላይ የኮምፖዚት የመበላሸት ዕድል ከአማልጋም ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ አስቀምጧል፡፡ እንግዲህ ‹‹ውድ ከሆነ ይበልጣል›› የሚለው ስሌት በጽናት በኩል አይሠራም ማለት ነው፡፡

ይሁን እንጂ ለዚያ ልጅ አማልጋም አልሞላሁለትም፡፡ ምክንያቱ አካባቢ ነው፡፡ ከጥርስ ክሊኒኮች የሚወጣው ሜርኩሪ ወንዝና አፈር ውስጥ ይገባል፡፡ በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች አማልጋም ለወተት ጥርስ፣ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ሐኪሙ የግድ ካላለ በቀር እንዲቀር በ2022 ተስማምተዋል፤ በ2025 ደግሞ እስከ 2034 ጨርሶ እንዲያበቃ ወስነዋል፡፡ ይህን ሰምተው ለዓመታት የቆየ ደህና አማልጋም ለማስወጣት የሚመጡም አሉ፡፡ አያስፈልግም፡፡ ሲሰረሰር የሚወጣው የሜርኩሪ ተን ተቀምጦ ከሚወጣው ይበልጣል፣ ደህና የጥርስ አካልም አብሮ ይቆረጣል፡፡

ኮምፖዚት ቶሎ የሚበላሸው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፡፡ ምራቅ አይወድም፡፡ ሲለጠፍ ጥርሱ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፣ በስሱ በስሱ እየተደረበ ለእያንዳንዱ ንብርብር መብራት ይፈልጋል፡፡ በአሥር ደቂቃ ተቻኩሎ የተሞላ ኮምፖዚት በዓመቱ ቢወድቅ አይደንቅም፤ የእኔ የራሴ አንድ ጥርስ እንዲህ ተሞልቶ በዘጠነኛው ወር ወድቋል፡፡ ስለዚህ ‹‹ነጭ ነው?›› ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ‹‹ጥርሱን እንዴት ያደርቁታል?›› ብሎ መጠየቅ ይሻላል፡፡ ሐኪሙ ቢቆጣም ይጠይቁ፡፡

ከዕቃው ይልቅ እኔን ያስተማረኝ ሌላ ነገር ነው፡፡ ሥራ ስጀምር የበሰበሰው ሁሉ ተጠርጎ ጥርሱ ጠንካራና ንጹሕ እስኪሆን መሰርሰር አለበት ብዬ አምን ነበር፡፡ በዚህ እምነት የስንቱን ልጅ ነርቭ እንደነካሁ አሁን ሳስበው ይከብደኛል፡፡ ነርቭ ከተነካ ቀጣዩ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ነው፤ የሥር ሕክምና ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ ዋጋ ስላለው በተግባር መንቀል ይሆናል፡፡ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የተደረገና በ1998 የታተመ የአሥር ዓመት ክትትል ግን ብስባሹ በደንብ ታሽጎ ከተዘጋ መስፋፋቱን እንደሚያቆም አሳየ፡፡ ባክቴሪያው ምግብ ያጣል፡፡ የኮክሬን የ2013 ግምገማም ነርቩ አጠገብ ያለውን ለስላሳ ክፍል መተው ነርቭ የመነካትን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል፡፡ ቁም ነገሩ ጠርዙ ዙሪያውን ንጹሕና ጠንካራ ሆኖ ሙሌቱ አየር እንዳያስገባ መለጠፉ ነው፡፡ አንድ ሐኪም ‹‹ትንሽ ትቼበታለሁ›› ቢልዎት ሥራውን አጎደለ ማለት አይደለም፡፡

ሦስተኛው ዕቃ ግላስ አዮኖመር ነው፡፡ እንደ ሲሚንቶ ተቦክቶ ይደረጋል፣ ከጥርስ ጋር በራሱ ይጣበቃል፣ ትንሽ እርጥበት ይታገሳል፣ ፍሎራይድም ያወጣል፡፡ በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ መብራትና መሰርሰሪያ በሌለበት ቦታ በእጅ መሣሪያ ብቻ እየተፋቀ በሲሚንቶ የመሙላት ዘዴ ተጀመረ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1994 ደግፎ አስተዋወቀው፡፡ የድሃ አገር ሕክምና ብለው የናቁት ነበሩ፡፡ በ2012 የወጣ የጥናቶች ድምር ግን ቀዳዳው በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ከሆነ በወተት ጥርስ ከሁለት ዓመት በኋላ 93 በመቶው፣ በቋሚ ጥርስ ከአምስት ዓመት በኋላ 80 በመቶው እንደሚጸና አሳይቷል፡፡ ቀዳዳው ወደ ጎረቤት ጥርስ ከዞረ ግን በወተት ጥርስ ወደ 62 በመቶ ይወርዳል፡፡ እንዲህ ላለው የወተት መንጋጋ የተሻለው ኖርና ሆል በተባሉ ስኮትላንዳዊት የጥርስ ሐኪም የተሰየመው ዘዴ ነው፡፡ ሳይሰረስሩና ሳያደነዝዙ የብረት ቆብ በሲሚንቶ መጫን ነው፡፡ በስኮትላንድ ከአምስት ዓመት በኋላ ሕመም ወይም መግል ያመጡት ቆብ ከተደረገላቸው 3 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከተሞሉት 16.5 በመቶ ነበሩ፡፡ ቆቡ ያብረቀርቃል፤ ልጆቹ ይወዱታል፣ ወላጆች ግን ይከፋቸዋል፡፡

በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ግላስ አዮኖመርንና የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ፣ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለ የብር ፈሳሽም አብሮ ገብቷል፡፡ ጠብታው በተቦረቦረው ጥርስ ላይ ይቀባል፣ አያምም፣ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፡፡ በ2016 በተደረገ ግምገማ 38 በመቶ ጥንካሬ ያለው ፈሳሽ በወተት ጥርስ ላይ ካሉ ቡርቡሮች 81 በመቶውን አስቁሟል፡፡ ጉድለቱ የቆመው ብስባሽ እንደ ከሰል መጥቆሩ ነው፡፡ ስለዚህ ወላጅ ሳይነገረውና ሳይስማማ መቀባት የለበትም፡፡ ወንበሩ ላይ ለሚያለቅስ የሦስት ዓመት ሕፃን ግን ከዚህ የሚሻል ነገር አላውቅም፡፡

ሙሌት ብቻውን ግን አያድንም፡፡ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ 1,144 ሕፃናት የተሳተፉበትና በ2020 የታተመ ጥናት በተለመደው መንገድ የተሞሉትን፣ ብስባሹ የታሸገባቸውንና መከላከል ብቻ የተደረገላቸውን ሲያወዳድር፣ በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከአሥር ልጆች አራቱ ያህል በሦስቱም ወገን ታመው ተገኙ፡፡ ጎድጓዳው ተዘጋ እንጂ አፉ ውስጥ ያለው ሁኔታ አልተለወጠም፡፡

የሚለውጠው ፍሎራይድ ነው፡፡ እዚህ ላይ የእኛ ውኃ ነገር መነሳት አለበት፡፡ በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ፣ የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ በዝቶበት የልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኗል፣ የሠራተኞችም አጥንት ተጎድቷል፡፡ ይህን የሰሙ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ፍሎራይድ ያለበትን ሳሙና ይፈራሉ፡፡ ሆኖም የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች የዝናብና የወንዝ ውኃ ስለሚያጠራቅሙ ፍሎራይዳቸው አነስተኛ ነው፤ እኛ ከሳሙናው ማግኘት ይኖርብናል፡፡ ቱቦው ላይ 1,000 ፒፒኤም ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይፈልጉ፡፡ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፡፡ ከፋቁ በኋላ ይትፉት እንጂ በውኃ አያጥቡት፡፡ መፋቂያን አልቃወምም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለባቸው አገሮች እንዲበረታታ መክሯል፣ እኔም ቀን ቀን እጠቀምበታለሁ፡፡ ማታ ግን ሳሙናውን አይተካም፡፡

ከላይ ያልኩት ሁሉ ነርቩ ገና በሕይወት ላለ ጥርስ ነው፡፡ ጥርሱ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ፣ ያለምክንያት የሚጠዘጥዝ ወይም ድዱ ላይ መግል የቋጠረ ከሆነ ሙሌት አይረዳውም፤ ወይ የሥር ሕክምና ወይ መንቀል ነው፡፡ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም ምንጩን አያደርቀውም፡፡ አገጭ ሥር አብጦ ምራቅ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ያስቸገረው፣ ትኩሳትም ያለው ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፡፡ እብጠቱ የመተንፈሻ ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል፡፡

የቅዳሜው ልጅ ሌሊት አያመውም፣ ራጁም ሥሩ ደህና መሆኑን አሳየ፡፡ ጠርዙን አጽድቼ፣ ነርቩ አጠገብ ያለውን ትቼ፣ በግላስ አዮኖመር ሞላሁት፡፡ እናትየው በመስታወት አይተው ‹‹እንደ ጥርሱ አልነጣም፣ ትንሽ ቢጫ ነው›› አሉኝ፡፡ ልክ ናቸው፣ ትንሽ ቢጫ ነው፡፡ ከስድስት ወር በኋላ እንዲመለሱ ቀጥሬያቸዋለሁ፡፡