እሾህማ ሽቦ በላስታ ደጋ፦ የማጠር መብትና የአላፊ አግዳሚ ደኅንነት

አኅጽሮት

ይህ መጣጥፍ እሾህማ ሽቦና ምላጭ ሽቦ ለአጥር ሲውሉ በኢትዮጵያ ሕግ ያላቸውን ቦታ፣ ላሊበላንና የላስታን ደጋ አብነት አድርጎ ይመረምራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሆነ የወንጀል ሕጉ ሽቦውን በስሙ ጠርቶ አይከለክለውም፤ አይፈቅደውምም። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ባለአጥሩን ተጠያቂ የሚያደርጉ ድንጋጌዎች ግን አሉ። የመጣጥፉ መከራከሪያ የሽቦው ሕጋዊነት በዕቃው ዓይነት ብቻ ሳይሆን በቆመበት ቦታ፣ በከፍታውና በአጠገቡ በሚያልፈው ሰውና እንስሳ ይወሰናል የሚል ነው። ስለዚህም የጎደለው ቅጣት ሳይሆን አስቀድሞ የሚታወቅ ደንብ ነው።

1. ከድንጋይ ካብ ወደ ሽቦ

የላስታ ገበሬ ማጠሪያ አጥቶ አያውቅም። ድንጋዩ ከማሳው ተለቅሞ ይካባል፤ ቁልቋሉ በግቢው ዳር ይተከላል፤ የግራርና የቀጋ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በበረቱ ዙሪያ ይከመራል። በከተማም ቢሆን በግንብ አናት ላይ የጠርሙስ ስባሪ መሰካት የቆየ ልማድ ነው። ካቡና ቁልቋሉ ከሩቅ ይታያሉ፤ ሰውም ከብትም ሳይደርስባቸው ይመለሳል። የእሾህ አጥሩ ቢወጋም ይሰበራል፣ ይደርቃል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። በባሕር ዛፍ አጠና ላይ የተወጠረ ሽቦ ግን ቀጭን በመሆኑ በምሽትና በጉም አይለይም፤ የያዘውንም በቀላሉ አይለቅም።

የሁለቱ ሽቦዎች ዓላማም አንድ አይደለም። አሜሪካዊው ገበሬ ጆሴፍ ግሊደን እ.ኤ.አ. በ1874 የፈጠራ መብት ያገኘበት እሾህማ ሽቦ የታሰበው ከብት ለመመለስ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የጦር ሜዳና የእስር ቤት ዕቃ ሆነ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለተፈጸመው ጭፍጨፋ ተጠያቂ የሆነው የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ፣ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1931 በሊቢያና በግብፅ ድንበር ላይ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የሽቦ አጥር አዘርግቶ ነበር። ምላጭ ሽቦ ደግሞ ከመነሻው የተሠራው ለሰው ነው። ይህ ልዩነት ወደ ሕጉ ስንመጣ ክብደት አለው፤ ሰውን እንዲቆርጥ የተሠራ ዕቃ በመንገድ ዳር የሰቀለ ባለይዞታ «ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም» ለማለት ይቸግረዋል።

2. ሽቦው በሰውነት ላይ

እሾህማው ሽቦ ሁለት ክሮች ተጠምዝዘው፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ የሾለ እሾህ የታሰረባቸው ነው። መጀመሪያ ይወጋል፤ የተያዘው ሲፈናጠር ደግሞ ይዘነጥላል። ምላጭ ሽቦ የሚሠራው የብረት ላሜራ በምላጭ ቅርጽ ተቆርጦ በጠንካራ የሽቦ እምብርት ላይ ሲጠቀለል ነው። በገበያ ቢቲኦ-22 በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ዓይነት ምላጩ 22 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ እምብርቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ጥቅሉ እንደ ሞላ ስለሚለጠጥ እጁን የያዘበት ሰው ወደ ኋላ ሲስብ ሌሎቹ ምላጮች ይከተሉታል። በእጅ አንጓ አካባቢ ሥጋው ስስ በመሆኑ ቁስሉ ጅማትና የደም ሥር ላይ ሊደርስ ይችላል።

ሌላው ስጋት መንጋጋ ቆልፍ ነው። ብዙዎች በሽታውን የዝገት መዘዝ ያደርጉታል። ተህዋሲው ግን የሚኖረው በአፈርና በእንስሳት ፋንድያ ውስጥ ነው፤ ሽቦው የሚያደርገው ጥልቅ ቀዳዳ ከፍቶ ማስገባት ነው። በበረት ዙሪያ የተወጠረ ሽቦ ለዚህ ምቹ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ ተረጋግጧል። ክትባቱ ለረጅም ዘመን ያተኮረው ግን በሕፃናትና በመውለጃ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ በመሆኑ፣ አጠና የሚተክለውና ሽቦ የሚወጥረው ጎልማሳ ወንድ ከጥበቃው ውጭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

3. የሕጉ አቋም

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለባለይዞታው ሰፊ መብት ይሰጣል፤ ይዞታውን ከነጣቂ እንዲከላከል ይፈቅዳል፤ ያለፈቃድ ወደ ሰው ግቢ በኃይል መግባትንም በአንቀጽ 2053 ጥፋት ያደርገዋል። ዳሩ ግን በአንቀጽ 1225 ባለሀብቱ በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን ከመጉዳት እንዲቆጠብ ያዛል። የማጠር መብት ከዚህ ግዴታ ተነጥሎ አይቆምም።

ሽቦው ሰው ሲያቆስል የተጎጂው ጠበቃ ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው በጥፋት ላይ የተመሠረተው አንቀጽ 2028 ነው፤ በዚህ መንገድ የባለአጥሩ ቸልተኝነት መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው በሰው አካል ላይ በድርጊቱ ጉዳት ያደረሰን ያለጥፋትም ኃላፊ የሚያደርገው አንቀጽ 2067 ነው። ሦስተኛው የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ነው የሚለው አንቀጽ 2077 ነው።

በግንብ አናት ላይ በብረት የተበየደ ምላጭ ሽቦ የግንቡ አካል ሆኖ በሦስተኛው ሊታይ ይገባል። በአጠና ላይ የተወጠረ የማሳ ሽቦን «ሕንፃ» ማለት ግን ያከራክራል፤ ለእርሱ ሁለቱ የቀደሙት ይበቃሉ። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሣው በአንቀጽ 2098 መሠረት ይቀነሳል። ሊሰርቅ በግንብ የተንጠላጠለ ሰውና ከትምህርት ቤት ሲመለስ በጠባብ መንገድ የተገፋ ልጅ እኩል አይካሱም።

በወንጀል በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን፣ በአንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ባለአጥሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው መከላከያ ሕጋዊ መከላከል (አንቀጽ 78) ነው። ይህ ግን የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሕገ ወጥ ጥቃት መኖሩንና አጸፋው ተመጣጣኝ መሆኑን ይጠይቃል። ሽቦ አይመዝንም፤ ሌባውንም፣ ኳስ ሊያነሣ የገባውን ሕፃንም በአንድ ዓይን ያያል። እርግጥ ነው፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለና በግልጽ የሚታይ ሽቦ ከድብቅ ወጥመድ ይለያል፤ የሚጎዳው አውቆ የወጣበትን ነው። ስለዚህ የመከላከያው ክርክር የሚቆመውም የሚወድቀውም በከፍታውና በታይነቱ ነው።

ሰው በይዞታው ላይ ያኖረው ነገር ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል የሚለው አስተሳሰብ ለላስታ ካህናትም ሆነ ሽማግሌዎች እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው ለወደቀው በሬ ወይም አህያ እንዲከፍል ይደነግጋል፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሠራ ሰው በሰገነቱ ላይ መከታ እንዲያበጅ ያዛል። የመጀመሪያው ካሣ ነው፣ ሁለተኛው ጥንቃቄ። የዛሬው የሽቦ ሕግ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን አልያዘም።

4. ግጦሽና ቅርስ

በሰሜኑ ደጋ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ለመንደሩ ከብት ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ባለማሳው ልቅ ግጦሽን ለመግታት ሽቦ ሲወጥር ያለምክንያት አይደለም፤ ከብቱ ሰብል ቢበላበት አንቀጽ 2071 የከብቱን ባለቤት ኃላፊ ቢያደርግም፣ እህሉን በክስ ከማስመለስ ከብቱን በአጥር መመለስ ይቀላል። ነገር ግን የወል መተላለፊያን የሚዘጋ ወይም ውኃ መውረጃ ላይ በጉልበት ከፍታ የሚወጠር እሾህማ ሽቦ የበቅሎን ደረትና የበግን ዓይን ያገኛል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ማኅበረሰቡ በሚጠብቀው ክልል ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ስላሉ፣ በዚያ አካባቢ የላይኛውና የታችኛው ክር እሾህ አልባ ቢሆን ይመረጣል።

በላሊበላ ከተማ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ወደ ታች የተፈለፈሉ በመሆናቸው፣ ተመልካቹ የሚቆመው ከጥልቅ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ከአፋፉ እስከ መሬቱ 12 ሜትር ያህል ይወርዳል። በገና ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን በጠባብ መንገድ ሲተፋፈግ አፋፉን መከለል የግድ ነው፤ መከለያው እሾህ ያለው ከሆነ ግን ከመውደቅ ያዳነውን ሰው ራሱ ያቆስለዋል። የተገፋ ሕዝብ የሚደገፍበት መከለያ ለስላሳና ጠንካራ መሆን አለበት።

ለአለቱም ቢሆን ሽቦ አይመችም። ብረት ሲዝግ መጠኑ ስለሚያድግ የተተከለበትን ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ዝናብ የሚያወርደው ዝገትም ቀዩን ድንጋይ ያበላሻል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥበቃና የጥገና ሥራ አስቀድሞ እንዲፈቀድ ያዛል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 91 ታሪካዊ ቦታን መጠበቅን የመንግሥትና የዜጋው የጋራ ግዴታ አድርጎታል። በመካነ ቅርሱ ውስጥ ምሰሶ መትከል የጥበቃ ጓድ ወይም የአንድ አጥቢያ የብቻ ውሳኔ መሆን የለበትም።

5. አስቀድሞ የሚናገር ደንብ

የእንግሊዝ የመንገዶች ሕግ (እ.ኤ.አ. 1980) አንቀጽ 164 ሽቦውን በጅምላ አይከለክልም። ከመንገድ ጋር በሚዋሰን መሬት ላይ ያለ እሾህማ ሽቦ በመንገዱ ለሚያልፍ ሰው ወይም እንስሳ አስጊ ሲሆን፣ የአካባቢው ባለሥልጣን ባለይዞታው እንዲያነሣው በጽሑፍ ሊያዝዘው ይችላል። ጉዳት እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ስፔን በሰሜን አፍሪካ በያዘቻቸው በሴኡታና በሜሊያ ከተሞች ድንበሮች የሰቀለችውን ምላጭ ሽቦ ከዓመታት ውዝግብ በኋላ ለማንሳት የወሰነችው ደግሞ ስደተኞችን በማቁሰሉ ነው፤ ድንበር ለመጠበቅ እንኳ የሽቦው ጭካኔ ልክ እንዳለው ያሳያል።

በላሊበላ ደንቡን የሚያወጣ አካል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታን የሚፈቅድና የሚቆጣጠር የሕንፃ ሹም አቋቁሟል። የከተማ አስተዳደሩ በፈቃድ ሥርዓቱ ላይ አራት ነጥቦች ቢጨምር ይበቃል። በመተላለፊያ ዳር እሾህ ያለው ሽቦ ከ2.5 ሜትር በታች እንዳይወርድና ወደ ግቢው እንዲያጋድል፤ ምላጭ ሽቦ በትምህርት ቤት፣ በገበያ፣ በውኃ መቅጃና በቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ እንዳይሰቀል፤ ሽቦው በቀን ብርሃንም በምሽትም የሚታይ ምልክት እንዲኖረው፤ የላላ፣ የወደቀ ወይም ባለቤቱ የተወው ሽቦ በተወሰነ ቀን እንዲነሣ። በገጠሩ ቀበሌ ደግሞ አዝመራ ሳይሰበሰብ ሽማግሌዎች ከባለማሳዎች ጋር መተላለፊያውን ቢለዩ ክርክሩ ፍርድ ቤት አይደርስም።

እነዚህ ነጥቦች የማንንም የማጠር መብት አይነኩም፤ ባለግቢውን ራሱን ከካሣና ከወንጀል ክስ ያድኑታል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አንቀጽ 2067 ከሚጠራበት ቀን በፊት የአንድ ገጽ ደንብ ማውጣት ለባለአጥሩም ለአላፊ አግዳሚውም የተሻለ ነው።