ከህዳሴው ግድብ ግንባታ የሚገኝ ትምህርት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ በኋላ አርሶ አደሩም ከገቢው ቀንሶ ቦንድ ገዝቷል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን ግንባታ አያስጨርስም። የተርባይን ሥራው የግድብ ልምድ ላልነበረው የመንግሥት ኮርፖሬሽን በመሰጠቱ ለዓመታት ተጓተተ። ችግሩ በይፋ ተነግሮ ሥራው ከኮርፖሬሽኑ የተወሰደው በ2010 ዓ.ም. ነበር። ልምድ ላላቸው ተቋራጮች ከተላለፈ በኋላ የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል አመነጨ፤ ግድቡም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

የማኅበር መጋዘን ሲሠራም ትምህርቱ ያው ነው። የተቋራጩ አቅም ከውል በፊት ይመርመር፤ ክፍያ በተረጋገጠ ሥራ ልክ ይፈጸም፤ የቁጥጥር ኮሚቴውም ያየውን ጉድለት ሳይውል ሳያድር ለጠቅላላ ጉባኤ ያቅርብ። መጋዘን ሲጓተት የሚነቅዘው የአባላት እህል ነው።