ሄጅ ፈንድ፦ ማካካሻ ፈንድ

ሄጅ ፈንድ ከጥቂት ባለሀብቶችና እንደ ጡረታ ፈንድ ካሉ ተቋማት ገንዘብ ሰብስቦ በአክሲዮን፣ በቦንድ፣ በውጭ ምንዛሪና በሌሎችም ገበያዎች የሚነግድ ድርጅት ነው። በሩ ለሁሉም ሰው ክፍት ስላልሆነ የሚደረግበት ቁጥጥር ከተራው የጋራ ፈንድ የላላ ነው። ስሙን «የኪሳራ መከላከያ ፈንድ» ብንለው አንባቢ ገንዘቡ የማይነካ ይመስለዋል፤ ይህ ደግሞ አደገኛ ስህተት ነው። ስለዚህ እዚህ «ማካካሻ ፈንድ» ብለነዋል፤ የሥራው መነሻ በአንድ በኩል የጠፋውን በሌላ በኩል በተገኘው ማካካስ ነውና።

ዘዴውን ፈንድ አድርጎ ያቋቋመው የሶሺዮሎጂ ምሁርና የፎርቹን መጽሔት ጸሐፊ የነበረው አልፍሬድ ዊንስሎው ጆንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒው ዮርክ ውስጥ በ100,000 ዶላር ሲጀምር 40,000ው የራሱ ነበር።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ጆንስ ጠንካራ ነው ያለውን የአንድ ኩባንያ አክሲዮን በ100 ዶላር ገዛ እንበል። ደካማ ነው ያለውን የሌላ ኩባንያ አክሲዮን ደግሞ ተበድሮ በ100 ዶላር ሸጠ። ገበያው ወደቀና የገዛው 90፣ ተበድሮ የሸጠው 75 ገባ። በመጀመሪያው 10 ዶላር ይከስራል፤ ሁለተኛውን ግን በ75 ገዝቶ ለአበዳሪው ሲመልስ 25 ዶላር በእጁ ይቀራል። የብድሩን ወጪ ትተን ትርፉ 15 ዶላር ነው። ገበያው ወጥቶ የመጀመሪያው 125፣ ሁለተኛው 110 ቢደርስም ያው 15 ዶላር ያተርፋል። ግምቱ ከተገለበጠና ጠንካራ ያለው ወርዶ ደካማ ያለው ከወጣ ግን ከሁለቱም ይከስራል። ጆንስ በዚህ ላይ በብድር ገንዘብ ይገዛ ነበር፤ ብድር ደግሞ ትርፍንም ኪሳራንም ያገዝፋል።

ክፍያው ከትርፍ 20 በመቶ ነበር፤ ካላተረፈ አይወስድም። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ደንብ ከዚህ በተጨማሪ በየዓመቱ ከጠቅላላው ገንዘብ 2 በመቶ ማስከፈል ነው። እኔ የጆንስ ደንብ የተሻለ ይመስለኛል፤ ሥራ አስኪያጁ ገንዘብ በማከማቸት ብቻ እንዳይበለጽግ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1966 ፎርቹን የጆንስ ፈንድ በአሥር ዓመት 670 በመቶ ማትረፉን ጻፈ፤ በዚያው ጊዜ ከጋራ ፈንዶች የላቀው ድሬይፈስ 358 በመቶ ነበር ያተረፈው። ወዲያው ተከታዮቹ በዙ፤ በ1968 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን 140 ያህል ማካካሻ ፈንዶችን ቆጠረ። ዋጋ ሲወጣ ተበድሮ መሸጥ ትርፍ ይቀንሳል በማለት ብዙዎቹ ማካካሻውን ትተው ብድሩን ብቻ ያዙ። ከ1969 ጀምሮ ገበያው ሲያሽቆለቁል ክፉኛ ተመቱ፤ በ1973 እና በ1974 የተዘጉም ብዙ ናቸው።

ማካካሻውን የያዘም ቢሆን ከአደጋ ነፃ አይደለም። በ1994 የተመሠረተው ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት ከአጋሮቹ መካከል ማይሮን ሾልስና ሮበርት መርተን ነበሩበት፤ ሁለቱም በ1997 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ስልቱ በተቀራራቢ ቦንዶች መካከል ያለችው ትንሽ የዋጋ ልዩነት ትጠባለች ብሎ በከባድ ብድር መነገድ ነበር። በነሐሴ 1998 ሩሲያ ዕዳዋን አልከፍልም ስትል ልዩነቱ በመጥበብ ፈንታ ሰፋ፤ ፈንዱ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ አደራዳሪ ሆኖ 14 የፋይናንስ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ተረከቡት።